የእንጥል ቆራጩ ቅዳሜ

እኔ ተጸያፊ ነኝ። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ ኋላ የሆነው ሁሉ ከዚህ ነው የመጣው። ሰው በጠጣበት ብርጭቆ ውሃ አልጠጣም። ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ካስነጠሰ የምሄድበት ሳልደርስ ወርጄ በእግሬ እሄዳለሁ። ሚዛን ገበያ ዳር የሳሙናና የቅባት ሱቅ አለኝ፤ ደንበኞቼ «ጽጌሬዳ ሳሙና የምትሸጠው ለራሷ እንዳይጎድላት ነው» እያሉ ይቀልዱብኛል። ይቀልዱ። እውነትም ሳይሆን አይቀርም።

የከፋው ደግሞ ፊቴ ነው። ሌላው ሰው የሚጸየፈውን ነገር ሲያይ መደበቅ ያውቅበታል፤ እኔ አልቻልኩበትም። በመልሳችን ቀን አማቴ እማማ ትርፌ ጣታቸውን እስከ አንጓው ወጥ ውስጥ ነክረው አጎረሱኝ። ዋጥኩት፤ «እግዜር ይስጥልኝ»ም አልኩ። እሳቸው ግን ፊቴን አይተው አጠገባቸው ወዳለችው ሴት ዘንበል አሉና «ይቺ ልጅ አፏ እሺ ሲል ፊቷ እንቢ ይላል» አሏት። ሰማኋቸው። ተናደድኩ፤ ግን ስለኔ ከተነገረው ሁሉ እንደዚህ ልክ የሆነ የለም።

ልጄን የወለድኩት በ2006 ዓ.ም. ኅዳር፣ ቅዳሜ ቀን፣ የቡና ለቀማው በጦፈበት ሰሞን ነው። ከሰፈራችን ከፍ ብሎ ወንዙ ዳር የእሸት ቡና ማጠቢያ አለ። ኅዳር ሲገባ ገለፈቱ እዚያ ይከመራል፤ የታጠበበት ውሃም ጠቁሮ፣ አረፋ ደፍቆ በጓሯችን ሥር ያልፋል። ሽታውን ላላሸተተው ሰው ማስረዳት ያስቸግራል፤ የተበላሸ ጠላ ውስጥ ሳምንት የከረመ ካልሲ በሉት። መስኮት ብከፍት ይገባል፤ ብዘጋ ደግሞ የራሴ ሽታ ያፍነኛል። ስለ መውለድ ማንም እውነቱን አልነገረኝም። ወላዶቹ ሁሉ «ሲያዩት ይረሳል» ብለውኝ ነበር። እኔ ግን አየሁት፤ ምንም አልረሳሁም። ደሙ፣ ላቡ፣ ሲያስነጥሰኝ የሚያመልጠኝ ሽንት፣ እንደተቀደደ ላስቲክ የሚንጠባጠበው ደረቴ፣ ሁሉም ቀፈፈኝ። ከሰው ሁሉ የምጸየፈው ራሴን ሆነ።

እሑድ ረፋድ ላይ ባለቤቴ ብሩክ በሚነዳት ባጃጁ፣ ጉድጓዱን እየዞረ፣ ከሆስፒታል ወደ ቤት አመጣን። እናቴ ካረፈች አራት ዓመቷ ነው፤ ስለዚህ አራስ የመጠበቁ ሥራ የእማማ ትርፌ ሆነ። እማማ ትርፌ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ በሰፈራ መጥተው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቡና እርሻ ላይ ሠርተው ያረጁ ሴት ናቸው። የዚያኑ ቀን ከሰዓት አንድ ቅል ቅቤ ታቅፈው ከገጠር ደረሱ። ቅቤው ሳይደርስ ሽታው ደርሶ ነበር።

ሳልጠይቃቸው ቅቤውን አናቴ ላይ ጫኑት። ቀለጠና በጆሮዬ ሥር፣ በአንገቴ፣ በጡቶቼ መሀል ወረደ። ዝንቦቹም ጠረኑን ተከትለው መጡ። ከዚያ ቀሚሴን ገለጥ አደረጉና ጡቴን ያዙት። ላም እንደሚያልብ ሰው ከላይ ወደ ታች እየጨመቁ፣ ቢጫውን እንገር አመድ ባለበት ጣሳ ላይ አንጠባጠቡት።

«ይሄ ቆሻሻ ነው፤ ለልጅ አይሰጥም» አሉ። «ሆዱን ይቆርጠዋል። ንጹሑ ወተት እስኪመጣ እንገሩን እንደፋዋለን።»

አልከለከልኳቸውም። ቢጫና ዝልግልግ ነበር፤ መግል መሰለኝ፤ ሲደፋ እንዲያውም ደስ አለኝ። ዛሬም ባሰብኩት ቁጥር አፍራለሁ። ቀጥለው በጣታቸው ጫፍ ቅቤ ዛቅ አደረጉና «እስቲ አንጀቱ ይለስልስለት» ብለው ወደ ልጁ አፍ ሲያስጠጉት ግን ነጥቄ ወደ ግድግዳው ዞርኩ። አዋቂ ሆኜ አይደለም። ጥፍራቸው ሥር ጥቁር ነገር አይቼ ነው። መጸየፌ ልጄን የጠቀመው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ማክሰኞ የጤና ኤክስቴንሽኗ ማርዋ መጣች። ማርዋ የሰፈራችን ልጅ ናት፤ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ሰው የማትፈራ። እንገሩ እንደተደፋ ስትሰማ እጇን በወገቧ ላይ አደረገች።

«እማማ ትርፌ፣ እሱ እኮ የመጀመሪያ ክትባቱ ነበር።»

«እኔ አራት ልጅ ያለ ክትባት ነው ያሳደግኩት» አሉ እማማ ትርፌ።

«ስንት ወልደው?»

እማማ ትርፌ ምድጃቸው ላይ ያለውን ማማሰል ጀመሩ። ማርዋም እንዳበዛችው ገብቷት ወደኔ ዞረች። ልጁን አስተካክላ ደረቴ ላይ አስደገፈችልኝና አፉን ሰፋ አድርጎ እንዲይዝ አሳየችኝ። እሱም ያዘ። ወተቱ የዚያን ቀን ጠዋት ገብቶ ጡቴ አጋቶ ስለነበር ሲስበው አመመኝ፤ የሚያሰማው የማላመጥ ድምፅም እንደ ቡችላ ነበርና ዓይኔን ጨፈንኩ። ግን ጠባ። ጠግቦ እጁን ዘርግቶ ተኛ።

«ስድስት ወር ጡት ብቻ» አለች ማርዋ ስትነሳ። «ውሃም፣ ቅቤም፣ አብሽ ውሃም የለም። አንቺ ደግሞ ከማጥባትሽ በፊት እጅሽን በሳሙና ታጠቢ። እኔ ለክትባት ዘመቻ ገጠር ስለምወጣ የምንገናኘው ሰኞ ነው።»

ያቺን ምክር እንደ ቅዱስ ቃል ያዝኳት። ለጤናው ሲባል የምታጠብበት ምክንያት ከአፏ ሰማሁ። ደግሞስ፣ ልጁ አፉ ውስጥ የሚከተው እጄን አይደለም፤ ጡቴን ነው። ቅቤ የሚወርድበት፣ ላብ የሚጠራቀምበት፣ ዝንብ የሚያርፍበት ጡቴን። እጅ ከታጠበ ጡት ለምን ይቀራል? ብሩክን ከሱቄ ቀዩን ሳሙና እንዲያመጣልኝ ላክሁት፤ ያንን ሐኪም ቤት ሐኪም ቤት የሚሸተውን፣ ደንበኛ ቢቆጣ እንኳ አንዱን ለራሴ የማስቀረውን። ከዚያ ወዲያ ልጁ ባለቀሰ ቁጥር አልጋዬ ሥር ያለውን ሳህን እስባለሁ፤ ጡቴን እስኪቀላ ድረስ እፈትጋለሁ፤ በፎጣ አደርቃለሁ፤ ከዚያ እሰጠዋለሁ። ቀን ውስጥ ስምንት ጊዜም፣ ዘጠኝ ጊዜም። እማማ ትርፌ ከወጥ ቤት ሆነው የውሃውን ድምፅ ሲሰሙ «ይቺ ልጅ ቆዳዋን ገፍፋ ልትጨርስ ነው» ይሉ ነበር፤ እጄን የምታጠብ መስሏቸው።

ረቡዕ ልጁ ጡት እንቢ አለ።

መጀመሪያ አላመንኩም። ይርበዋል፤ አፉን እንደ ወፍ ጫጩት ይከፍታል፤ ጡቴ ላይ ይደርሳል፤ ወዲያው ፊቱን ያጨማድድና አንገቱን አዙሮ ይጮኻል። ሌላኛውን ስሰጠው ያው ነው። የጡቴ ጫፍ ደግሞ ደርቆ ተሰነጠቀ፤ በማግስቱ ደም አሳየ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይሄ ነው። ሲጮኽ ፊቱ እንደ ቡና እሸት ይቀላል፤ ጡቴ ደግሞ ጩኸቱን ሰምቶ ራሱ ይፈሳል፤ ቀሚሴ ይርሳል፤ ይኮመጥጣል። ታጥቤ እመለሳለሁ። እንደገና ያዞራል።

ሌሊት ሌሊት ግን ደህና ነበር። ድካሙ ደፍቶኝ፣ ለመታጠብ እንኳ ሳልነሳ፣ በተኛሁበት ጎኔ ላስጠጋው ይይዝልኛል፤ ጥቂትም ቢሆን ይጠባል። ሳይሞት የቆየው በዚያች ነው። ይህን ለእማማ ትርፌ ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እንጥል ነው» አሉ። «ቀን ሙቀት ሲመጣ ያብጣል፤ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ይመለሳል።»

ሐሙስ ጠዋት የብሩክን ስልክ መብራት አብርተው ጣታቸውን ልጁ አፍ ውስጥ ከተቱ። እሳቸው ጉሮሮውን አዩና መብራቱን አጠፉ።

«ወርዷል። ቅዳሜ ሸዋንግዛው ለገበያ ይመጣል፤ ላክሁበት።»

ሸዋንግዛው ማን እንደሆነ የማያውቅ የለም። ጥርስ ይነቅላል፤ እንጥል ይቆርጣል፤ በሬም ይቀጠቅጣል። ግርዛቱን ብሩክ «ሐኪም ቤት ይሆናል» ብሎ ተከራክሮ አስቀርቶ ነበር፤ እንጥሉ ላይ ግን ልቡ ተከፈለ።

«እኔም ተቆርጫለሁ» አለኝ። «ምን ሆንኩ?»

«የአምስት ቀን ልጅ ነው ብሩኬ። ጉሮሮው ውስጥ ብረት ሊገባ?»

«ታዲያ ዝም ብለን በረሃብ እናስጨርሰው? ሰውየው አይቶት አይሆንም ካለ እሑድ ሆስፒታል እወስደዋለሁ።»

እማማ ትርፌ ይህን ሰምተው ከወጥ ቤት መጡና አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። የተቆጡ መስሎኝ ነበር። ድምፃቸው ግን ዝቅ ያለ ነበር።

«ልጄ፣ አንቺ እኔን ክፉ አድርገሽ ታይኛለሽ። የብሩክ ታላቅ ነበር፤ ካሣዬ የሚባል። ሰፈራ በገባን በዓመቱ የወለድኩት። ሁለት ወንድሞቼን በድርቁ ቀብሬ ስለመጣሁ ካሣዬ አልኩት። በሁለት ወሩ ጡት እንቢ አለኝ። እኔ ልጅ ነበርኩ፤ ነገ ይሻለዋል ከነገ ወዲያ ይሻለዋል እያልኩ አዘገየሁት። ስናስቆርጠው ከስቶ አልቆ ነበር። ሦስት ቀን ደም ተፋና ሞተ። ዘግይቼ ነው። ብሩክን ገና በሳምንቱ አስቆረጥኩት፤ ይኸው ቆሞ ባጃጅ ይነዳል። አሁንም መዘግየት አልፈልግም።»

እነዚያ የምጸየፋቸው ጣቶች የአንድ ልጅ ሬሳ የገነዙ መሆናቸውን ያን ቀን አወቅሁ። መጸየፌ ግን አልቆመም። ሰው የሚያሳዝነውን ነገር ይጸየፋል? እኔ እጸየፋለሁ።

ዓርብ ልጁ ማልቀስ ቀነሰ። ይህ ከጩኸቱ ይልቅ አስፈራኝ። ከጠዋት እስከ ማታ ያረጠበው ጨርቅ አንድ ብቻ ነበር፤ አናቱ ላይ ያለችው ለስላሳ ቦታ ገባ ብላለች። እኔም የባሰ አጥብቄ ታጠብኩ፤ ምናልባት ቆሻሻ ነው ያስጠላው ብዬ። ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት የሚባለው ለእኔ ነበር። አቅፌው ተቀምጬ፣ የቡና ገለፈቱን ሽታ እየሳብኩ፣ ነገ ያ ሰውዬ ልጄ አፍ ውስጥ እጁን ሲከት ምን እንደማደርግ አሰብኩ። ነጥቄው እወጣለሁ አልኩ፤ አራስ ሆኜ፣ ደም እየፈሰሰኝ፣ በነጠላ ጫማ። ከዚያ ደግሞ ካሣዬ ትዝ ይለኛል። ባይቆረጥና ቢሞትስ? ማን ነው «አዘገየሽው» የሚባለው?

ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ መጣ። ትልቅ ሰው ነው፤ አንቱ ልለው ይገባኝ ነበር፤ ምላሴ አልታዘዝልሽ ስላለኝ አሁንም አንተ እለዋለሁ። ከገበያ በቀጥታ ስለመጣ ጫማው ላይ የከብት እበት ነበር። ምንጣፌን ረግጦ ገባ። በርጩማ ተሰጠው። ከኮቱ ኪስ በቆዳ የተጠቀለለ ነገር አውጥቶ ጭኑ ላይ ፈታው፤ ጫፉ የታጠፈ ቀጭን ብረት፣ አንድ ሰንጣቃ እንጨት፣ ቋጠሮ ያለው የፈረስ ጭራ። ጭራው ላይ የደረቀ ቡናማ ነገር ተጣብቆ ነበር። የማን ልጅ ደም እንደሆነ እንጃ። ብረቱን ትፍ አለበትና በሱሪው ጉልበት ወለወለው።

በነጠላዬ ጫፍ አፍንጫዬን ሸፈንኩ።

«እማማ፣ ይሄ ነገር አይሆንም» አልኩ።

«አብሽሪ፣ ቶሎ ያልቃል» አሉ እማማ ትርፌ። ልጁን ግን ከሰውየው ራቅ አድርገው አቀፉት።

ብሩክ በሩ ላይ ቆሞ የባጃጁን ቁልፍ በጣቱ ያሽከረክራል። ወደኔ አያይም።

ሰውየው ልጁን አየና «መጀመሪያ ሲጠባ ልየው» አለ። «አንዳንዱ እንጥሉ ሳይሆን ወተቱ ይበላሻል። የተበላሸ ወተት ከሆነ እኔ ብቆርጠው ዋጋ የለውም።»

ሰው ፊት ጡቴን ላወጣ ነው፤ ያውም በዚህ ሰው ፊት። ትንሽ ታገሡኝ ብዬ ሳህኑን ከአልጋዬ ሥር ስቤ ወደ ጓዳ ገባሁ። ቀዩን ሳሙና አንስቼ እንደ ልማዴ ፈተግሁ፤ ቁስሉ እንደ በርበሬ ለበለበኝ። በፎጣ አድርቄ ተመለስኩ፤ ሳህኑን ከነሳሙናው አልጋው ሥር መልሼ አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩ። እማማ ትርፌ ልጁን አቀበሉኝ፤ እሳቸው ራሱን ደግፈው ያዙልኝ። ልጄ ቀሚሴን ሲያሸት ነቃ፤ አፉን ከፈተ፤ በዚያች ባለቀች አቅሙ አንገቱን ቀና አደረገ። ደረሰበት። ከንፈሩ ሲነካው ፊቱን አጨማድዶ ዞረ። ድምፅ እንኳ የለው፤ ሲጥ ብቻ አለ።

«አያችሁት?» አለ ሸዋንግዛው፤ ተነስቶ መጣ። ብረቱ በእጁ ነው። «ያዙልኝ።»

«ወተቱን ሳላየው አይሆንም» አሉ እማማ ትርፌ። ጡቴን በሁለት ጣታቸው ያዙና ጨመቁት። ጠብታ ወጥታ ጫፉ ላይ ቆመች። ጣታቸውን አበሱበትና፣ አቤት፣ ጣታቸውን አፋቸው ውስጥ ከተው ላሱት። ፊቴን አዞርኩ።

ትፍ የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ዞሬ ሳያቸው ግንባራቸው ተቋጥሮ ነበር። እንደገና ጣታቸውን ጡቴ ጫፍ ላይ አሹ፤ እንደገና ላሱ፤ እንደገና ተፉ። ቀጥለውም እኔን እያዩ አፍንጫቸውን ወደ ደረቴ አስጠግተው አሸተቱ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ምኑ?»

«ይመራል። ምን ቀብተሽበት ነው?»

«ምንም አልቀባሁም። ታጥቤ ነው።»

«በምን?»

«በሳሙና» አልኩ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ማክሰኞ ጠግቦ የተኛው፣ ሌሊት ሳልታጠብ የሚጠባው፣ ቀን ሲሆን የሚያዞረው፣ ሁሉም ባንዴ መጣብኝ። «በቀዩ ሳሙና። ሁልጊዜ ሳጠባው…»

እማማ ትርፌ አልጮኹብኝም። የነጠላቸውን ጫፍ ምድጃው አጠገብ ካለው ሙቅ ውሃ ነከሩና ጡቴን ቀስ አድርገው አበሱት። ነጠላው የጭስና የላብ ሽታ ነበረው። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ አበሱ። አሁንም ቀመሱ፤ አሁንም አልወደዱትም። ከዚያ በገዛ ምራቃቸው ጣታቸውን አርሰው የተሰነጠቀውን ጫፍ ዙሪያውን ጠራረጉት። ሌላ ቀን ቢሆን በሞትኩ። ቀጥለው ወተቱን ጨምቀው በራሱ በወተቱ ቀቡት።

«ስጪው።»

ሰጠሁት። አሸተተ። ከንፈሩ ነካው። ዓይኑን ከፈተ፤ ቆም አለ። ያዘው። መጀመሪያ ደከም እያለ፣ ቀጥሎ አገጩ ወደ ላይና ወደ ታች እየተንቀሳቀሰ፣ ቀጥሎ ከመዋጡ ብዛት ትን እያለው። ቁስሌ እንደ እሳት አቃጠለኝ። ልቀቀኝ አላልኩትም።

ብሩክ ወደ ውጭ ወጣ። በመስኮት ሳየው ባጃጁ ላይ ተደግፎ ፊቱን በክንዱ ይጠርጋል።

ሸዋንግዛው ብረቱን እንደያዘ ቆሟል። «እንጥሉ ግን ወርዷል» አለ። «መጥቼ እያለሁ ብንጨርሰው ይሻላል። ኋላ ሲመለስበት…»

«ሂድ» አሉት እማማ ትርፌ።

«እንዴት ነው ነገሩ? አንቺው አይደለሽ የላክሽብኝ?»

«እኔው ነኝ። እኔው ሂድ አልኩህ።»

ዕቃውን በቆዳው ጠቅልሎ፣ እያጉረመረመ፣ ምንጣፌን ለሁለተኛ ጊዜ ረግጦ ወጣ።

ልጄ አንዱን ጨርሶ ወደ ሁለተኛው አለፈ። ያንንም እማማ ትርፌ አብሰው፣ ቀምሰው፣ በወተት ቀብተው ሰጡኝ። ሲጠግብ ትንሽ አመለሰብኝ፤ ሞቅ ያለ ወተት በአንገቴ ወረደ። ቀፈፈኝ። ይሄ ከዚያ በኋላም አልተወኝም፤ ለማንም ተቀይሬያለሁ ብዬ አልዋሽም። ግን ጎማ የመሰለው ከንፈሩ ጥግ ላይ ወተት ነጭ ሆኖ ቆሞ ሳይ አለቀስኩ። ይቅርታ እንዲያደርጉልኝ ልጠይቃቸው ቀና አልኩ።

እማማ ትርፌ አይሰሙኝም ነበር። በርጩማው ላይ ተቀምጠው፣ እጆቻቸውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው፣ መዳፋቸውን ያያሉ።

«ካሣዬም እንዲህ ነበር ፊቱን የሚያዞረው» አሉ። «ልክ እንዲህ አጨማድዶ።»

ልጄን ደረቴ ላይ አስጠጋሁት።

«ያኔ የእርሻው ችግኝ ጣቢያ ነበርኩ። የተባይ መድኃኒት እንረጫለን፤ ጣሳውን በጀርባችን አዝለን። ነጭ ውሃ ነው፤ ሽታው አናት ይበሳል። ያፈስ ነበር፤ ቀሚሴ ከፊት ከኋላ ይበሰብሳል። ስድስት ሰዓት ደወል ሲደወል ሮጬ መጥቼ ልጄን አጠባና እመለሳለሁ። ልብስ የምቀይርበት ሰዓት የለ፤ ቅያሪስ የት አለ። ይርበዋል፤ አፉን ይከፍታል፤ ሲነካው ያዞራል።» መዳፋቸውን ገለበጡ። «እሑድ እሑድ ግን ደህና ይጠባልኝ ነበር።»

ውጭ ብሩክ ባጃጁን ሲያስነሳ ተሰማ። ገለፈቱ ሸተተኝ።

«ጽጌ» አሉኝ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በቁልምጫ ጠርተውኝ። «እሑድ እሑድ ለምን ደህና ጠባልኝ?»

ልክ እንደሳቸው ነው ያሰብኩት፤ ምናልባትም ከሳቸው ቀድሜ። ሠላሳ ዓመት ሊሆነው ነው። «ዘግይቼ ነው» እያሉ የኖሩበት ሞት ምክንያቱ ሌላ ነው። የካሣዬ እንጥል ምንም አልሆነም ነበር፤ የቆረጡት በከንቱ ነው። ይህን ለአንዲት አሮጊት መንገር የሚችል አፍ የለኝም። ስለዚህ ዋሸሁ።

«እሑድ ቤት ውለው ሰውነትዎ ስለሚያርፍ ይሆናል እማማ» አልኩ። «ወተቱም ይበዛል። ካሣዬ የታመመው ሌላ ነገር ነው።»

ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ደህና አድርጌ ዋሸሁ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን መዳፋቸውን ማየት ትተው ቀና አሉና ፊቴን አዩ። ከመልሳችን ቀን ጀምሮ ሲያነቡት የኖሩትን ፊት።

«እሺ» አሉ።

ተነሱ። አልጋው ሥር ጎንበስ ብለው ሳህኑን ወሰዱ፤ ከመጡ ጀምሮ አንድም ቀን ነክተውት የማያውቁትን ቀዩን ሳሙና አነሱ፤ ወደ ጓሮ ወጡ። ልጄ ጡቴ ላይ እንዳለ ተኝቷል። ከግድግዳው ወዲያ እጃቸውን ሲታጠቡ ሰማሁ። ውሃ ይቀዳሉ፤ ያሻሉ፤ ይደፋሉ፤ እንደገና ይቀዳሉ። ብሩክ ሸዋንግዛውን ገበያ አድርሶ እስኪመለስ ድረስ አልጨረሱም።